ድልድዩ ቀድሞ ተሠራ፦ ከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን የተወበት መንገድ

በ1990ዎቹ መገባደጃ፣ ለብዙ ዓመታት በውጭ አገር ሲማሩና ሲሠሩ ቆይተው የተመለሱ አንዲት ሴት፣ በትውልድ አገራቸው በከምባታ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ለተሰበሰበ ሕዝብ ስለ ኤችአይቪ/ኤድስ ንግግር አደረጉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተጨመረባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚያ በሽታ በአደባባይ ማውራት ነውር በነበረበት ጊዜ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን፣ ያውም በሴት አንደበት መነገሩ ሰሚውን ሳያስደነግጥ አልቀረም። የአካባቢው ሰዎች ለእንግዳዋ ያቀረቡት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር፤ መሻገሪያ በማጣት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ ለመሄድ እንደተቸገሩና ከሁሉ በፊት ድልድይ እንደሚያስፈልጋቸው ነገሯቸው። እንግዳዋ፣ ቦጋለች ገብሬ፣ ገንዘብ አፈላልገው ድልድዩን አሠሩ። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት የተካሄደው ሰፊ ውይይት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይተርኩታል። አንደኛው ወገን የአንዲት ጀግና ሴት ገድል ያደርገዋል፤ ሌላው የሕግና የመንግሥት ፖሊሲ ውጤት አድርጎ ያቀርበዋል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ሆኖም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ ማንም ወላጅ ሊያመልጠው የማይችል ይመስል የነበረ ልማድ፣ በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ መሠረቱ የተናጋበትን ምክንያት አያስረዱም። በእኔ ግምት ምክንያቱ መፈለግ ያለበት በድልድዩ፣ ከድልድዩ በኋላ በመጣው ውይይትና ከውይይቱ በኋላ በተደገሰ አንድ ሠርግ ውስጥ ነው።

አገሩና ልማዱ

ከምባታ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በሐምበሪቾ ተራራ ዙሪያ የተዘረጋ ለምለም አገር ነው። ዋና ከተማው ዱራሜ ነው። የገበሬው ኑሮ የተመሠረተው በእንሰት ላይ ሲሆን፣ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡም ተጠጋግቶ የሚኖር ነው። እንዲህ ባለ አገር ከጎረቤት ዓይን የሚሰወር ነገር የለም፤ ማን ልጁን ለማን እንደዳረ፣ ማን ከእድሩ እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ መቼ እንደተገረዘች ሁሉም ያውቃል። ይኸው መተያየት ልማዱን ለዘመናት አጥብቆ እንደያዘው ሁሉ፣ ኋላ ልማዱ ሲፈታም መልሶ አገልግሏል።

በከምባታ ሴት ልጅ ትገረዝ የነበረው እንደ አንዳንድ የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች በተወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳይሆን፣ ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ ነበር። ቦጋለች ራሳቸው የተገረዙት በ12 ዓመታቸው ገደማ ነው። ድርጊቱ በአካባቢው ቋንቋ የሚጠራበት ስም «ቆሻሻን ቆርጦ መጣል» የሚል ትርጉም እንዳለው በልዩ ልዩ መድረኮች ተናግረዋል። ስሙን ልብ ላለው ሰው ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ቆሻሻ ተብሎ የተሰየመን የአካል ክፍል ይዛ የቀረች ልጅ ምን ዓይነት ሚስት፣ ምን ዓይነት ምራት ልትሆን እንደምትችል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር። ግርዛቱ የጋብቻ ደጃፍ ነው፤ ያላለፈችበት ወደ ትዳር አትገባም።

ከውጭ ለሚመለከት ሰው ወላጆቹን ጨካኝ አድርጎ ማሰብ ቀላል ነው። ልጇን የምታስገርዘው እናት ግን ሕመሙን በራሷ አካል የምታውቅ፣ ደም እየፈሰሳት የሞተች ወይም በምጥ የተያዘች ጎረቤት ያየች ሴት ናት። የምታስገርዛትም ስለምትወዳት ነው፤ ልጇ ባል አጥታ፣ ስም ወጥቶላት፣ በሰው ፊት አንገቷን ደፍታ እንዳትኖር ትሠጋለች። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ልማዱን ቢተው ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቱ ናት። ስለዚህ በመንደሩ ያሉት እናቶች ሁሉ በልባቸው ድርጊቱን ቢጠሉት እንኳ፣ እያንዳንዷ ሌላዋ እንደምትቀጥል እስካመነች ድረስ ሁሉም ይቀጥላሉ። ስለ ጉዳቱ የሚሰጥ የጤና ትምህርት ብቻውን ይህን ቋጠሮ አይፈታውም፤ የተጎዳችው ሴት ጉዳቱን ከአስተማሪው የበለጠ ታውቀዋለችና።

ስለዚህ ጉዳይ የተመራመሩ ምሁራን የከምባታን ዓይነት ለውጥ ከቻይናው የእግር ማሰር ልማድ መጥፋት ጋር ሲያነጻጽሩ ቆይተዋል። በቻይና የሴት ልጅን እግር ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጨርቅ ጠፍሮ ማሳጠር ለዘመናት የጋብቻ ቅድመ ሁኔታ ነበር። በሰሜን ቻይና በዲንግ አውራጃ በተደረገ ጥናት፣ ከ1890 በፊት ከተወለዱት ሴቶች ከመቶ 99ኙ እግራቸው ታስሮ ያደጉ ሆነው ሲገኙ፣ ከ1919 በኋላ ከተወለዱት መካከል ግን አንዲትም አልተገኘችም። ለዚህ ፈጣን ውድቀት አንዱ ምክንያት፣ ወላጆች ማኅበር እየመሠረቱ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ቃል መግባታቸው ነበር፤ የሴት ልጃቸውን እግር ላለማሰር፣ ለወንድ ልጃቸውም እግሯ የታሰረ ሴት ላለማጋባት። ከሁለቱ የሁለተኛው ቃል ኃይል ይበልጣል፤ ላልታሰረችው ልጅ ባል የሚያስገኝላት እሱ ነውና። ከምባታ ላይ የሆነውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ለዚህ የተገለገሉባቸው መሣሪያዎች ግን የራሳቸው የከምባታዎች ነበሩ።

በእንስራ የተሸፈነ ትምህርት

ቦጋለች የተወለዱት በ1950ዎቹ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በዚያ ዘመን ለከምባታ ገበሬ ሴት ልጁን ትምህርት ቤት መላክ ሊያስበው የማይገባ ነገር ነበር፤ ልጅቱ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች፣ ከዚያም ትዳራለች። ትንሿ ቦጋለች ውኃ ልትቀዳ የሄደች እያስመሰለች በሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረች። ከመንደሯ ሴቶች መካከል ከአራተኛ ክፍል በላይ የዘለቀች የመጀመሪያዋ ነች። ቆይቶም በመንግሥት የትምህርት ዕድል አዲስ አበባ በሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ፣ በፉልብራይት ስኮላርሺፕ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ፓራሲቶሎጂ (የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት)፣ በመጨረሻም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታዎች ስርጭት ጥናት) አጠኑ።

አንድ ኅብረተሰብ ለሰው ልጅ ስኬት እንዴት መንገድ ይከፍታል ለሚለው ጥያቄ ይህ የሕይወት ታሪክ ቀላል መልስ አይሰጥም። መሰላሉ ብዙ እርከን ነበረው፤ ሚስዮኑ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የትምህርት ዕድል፣ የእስራኤልና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች። እነዚህን እርከኖች የሠሩት ሰዎች በከምባታ አንዲት ልጅ እንስራ ይዛ እንደምትጠብቅ አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው እርከን ላይ የወጣችው ግን ተሰርቃ ነው። ከቤት ወጥታ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሌላ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያዋን እርከን ባለማግኘቷ ብቻ እንደቀረች ሳስብ፣ የቦጋለችን ስኬት የማኅበረሰቡ ውጤት ነው ለማለትም፣ በማኅበረሰቡ ላይ የተገኘ ድል ነው ለማለትም እቸገራለሁ። ለታሪኩ ታማኝ የሚሆነው ሁለቱንም ሳይጥሉ መያዝ ይመስለኛል። በኋላ ላይ ቦጋለች ወደ መንደሩ ሲመለሱ የከሳሽነትን ቃና ያልያዙበት አንዱ ምክንያትም ይህ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። አንዲት እህታቸውን በወሊድ ምክንያት አጥተዋል፤ ስለዚህ ስለ ጉዳቱ ለመናገር ከእሳቸው የበለጠ መብት ያለው ሰው አልነበረም።

በአሜሪካ ሳሉ በ1980ዎቹ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎድተው ነበር። ከዚያ አገግመው ማራቶን ሮጡ፤ ሩጫውንም ለኢትዮጵያ የሚውል ገንዘብ ማሰባሰቢያ አደረጉት። በ1997 ከሌላዋ እህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር የመሠረቱት ድርጅት በከምባትኛ «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶጴ» ይባላል፤ ትርጉሙም በኅብረት የቆሙ የከምባታ ሴቶች እንደማለት ነው። ሰው የሚያውቀው ኬኤምጂ በሚለው አጭር ስሙ ነው።

ውይይቱ

ከድልድዩ የተገኘው ትርፍ መሻገሪያው ብቻ አልነበረም። መንደሩ ከውጭ የመጣ ሰው የራሱን አጀንዳ ይዞ መጥቶ፣ ተናግሮ፣ አበል ከፍሎ እንደሚሄድ ለምዷል። እዚህ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ያስቀደሙት ጉዳይ ቀድሞ ተፈጸመ። ችግሬን የሰማኝ ሰው የሱን ነገር ቢያነሣ እኔም ልስማው ማለት በአገራችን ይሉኝታ የሚያስገድደው ነገር ነው። ይህን ውለታ ነው ቦጋለች ወደ ውይይት የቀየሩት።

የማኅበረሰብ ውይይት የሚባለው ዘዴ በመጀመሪያ የተቀመረው ለግርዛት ሳይሆን ለኤችአይቪ/ኤድስ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኢትዮጵያ በ2002 ዘዴውን ከጀመረባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ የከምባታ ጎረቤት የሆነው አላባ ሲሆን፣ በዚያ ሥራውን የያዘው ኬኤምጂ ነበር። አሠራሩ ሲገለጽ በጣም ተራ ይመስላል። 50 ያህል ሰዎች፣ ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ያገቡና ያላገቡ ሴቶች፣ ወጣት ወንዶች፣ በግርዛት ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ጭምር፣ በወር ሁለት ጊዜ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም ባገኙት ቦታ ይሰበሰባሉ። የሚያወያዩት ከመካከላቸው ተመርጠው የሠለጠኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። አወያዮቹ አያስተምሩም፤ ይጠይቃሉ። ይህን የምናደርገው ለምንድን ነው? ማን ጀመረው? ብንተወው ምን ይመጣል? ማን ይቃወመናል? ተሳታፊው የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በቡና ላይ፣ በገበያ መንገድ፣ በእድር ስብሰባ ያወራዋል። በሚቀጥለው ሲገናኙ ጎረቤት ምን እንዳለ ይዞ ይመጣል።

ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ነው። ለጋሽ ድርጅቶች የሚወዱት ዓይነትም አይደለም፤ ለወራት ከተወራ በኋላ ለሪፖርት የሚሆን ውሳኔ ላይኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በውይይቱ ውስጥ ሌላ በምንም መንገድ ሊሆን የማይችል ነገር ሆነ፤ ሴቶች በወንዶች ፊት ስለ አካላቸው ተናገሩ። ግርዛቱ የሴቶች ጉዳይ ተብሎ የተተወ ስለነበር አብዛኞቹ ወንዶች ድርጊቱን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር። የሚስታቸው የምጥ ስቃይ፣ በመኝታ ላይ ያለው ሕመም፣ የልጃቸው ደም መፍሰስ ከአንድ ምንጭ የሚመጣ መሆኑን ከገዛ ጎረቤቶቻቸው አፍ ሰሙ። የሃይማኖት አባቶችም ድርጊቱ በመጽሐፍ የታዘዘ አለመሆኑን በዚያው መድረክ ላይ ተናገሩ። እያንዳንዱ ሰው በልቡ ይዞት የነበረውን ጥርጣሬ ሌላውም ይዞት እንደነበር መታወቁ፣ ከላይ የጠቀስኩትን ቋጠሮ የሚፈታው የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ውይይቱ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ በግርዛት ላይ ብቻ የሚወሰን አልሆነም። ጠለፋ ተነሣ። የባል ወንድም የሟቹን ሚስት የሚወርስበት ልማድ ተነሣ። ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ ግን፣ በከምባታ ለዘመናት ከሌላው ሕዝብ ተለይተው፣ አብረው ሳይበሉና ሳይጋቡ የኖሩት የሸክላ ሠሪዎች ጉዳይ መነሣቱ ነው። ፉጋ በሚል የንቀት ስም ይጠሩ የነበሩት እነዚህ ሰዎች በውይይቱ ክበብ ውስጥ ከሌላው ጋር እኩል እንዲቀመጡ ተደረገ። ስለ ሴት ልጅ ክብር ለወራት ሲከራከር የቆየ ሰው፣ ጎረቤቱ የበላበትን ዕቃ የሚያነውርበትን ምክንያት ሲጠየቅ መልስ ያጥረዋል። ማንም ሰብአዊ መብት የሚል ቃል ባያነሣም፣ የተጀመረው የአስተሳሰብ መንገድ ራሱ ወደዚያ ወሰዳቸው።

ሠርጉ

ኬኤምጂ ሥራ ከጀመረ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በከምባታ አንዲት ያልተገረዘች ልጅና እጮኛዋ በአደባባይ ተጋቡ። ሠርጉ የሁለት ቤተሰብ ድግስ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ተገኝቶበታል። ሙሽራዋ አልገረዝም፣ ከእኔ ተማሩ የሚል መልእክት ያለበት ጽሑፍ በደረቷ ላይ አንጠልጥላ ነበር። ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አንጠልጥሏል። ያጀቧት ብዙ ሚዜዎች እንደሷ ያልተገረዙ ልጃገረዶች ነበሩ።

ከከተማ ሆኖ ለሚያየው ሰው በሠርግ ቀን ስለ ገላ የሚናገር ጽሑፍ ማንጠልጠል የማይመች፣ ምናልባትም ክብር የሚነካ ሊመስለው ይችላል። እኔም መጀመሪያ ታሪኩን ስሰማ እንዲህ ተሰምቶኛል፤ አንዲት ልጅ በሕይወቷ ትልቁ ቀን የቅስቀሳ ሰሌዳ መሆን አለባት ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። ነገር ግን የልማዱን አሠራር ላጤነ ሰው በዚያ ዕለት የተደረገው ነገር ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ለዘመናት የነበረው ሥጋት «ካልተገረዘች ማን ያገባታል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከሙሽራው በቀር መልስ ሊሰጥ የሚችል ሰው የለም። እሱም በወላጆቹ፣ በሽማግሌዎቹና በሁለት ሺህ ሰው ፊት መለሰ። ጎረቤት ሁሉ በሚተያይበት አገር ያ ሠርግ ከየትኛውም የሬዲዮ ፕሮግራም በበለጠ ፍጥነት እንደተወራ መገመት አያዳግትም። ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ሠርጎች ተከተሉ፤ ያልተገረዙ ልጃገረዶች ክበባት በየትምህርት ቤቱና በየመንደሩ ተቋቋሙ፤ ከግርዛት ነጻ መሆንን የሚያከብር ዓመታዊ በዓልም በዱራሜ ብዙ ሺህ ሰው እየተሰበሰበ መከበር ጀመረ።

የእድሮቹ ሚና ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በውይይቱ የተደረሰበት ስምምነት ወደ እድር መተዳደሪያ ደንብ ሲገባ ቅጣትም ይዞ መጣ፤ ልጁን የሚያስገርዝ ሰው ከእድሩ ሊገለል እንደሚችል ተወሰነ። እድር ሰውን ከቀባሪ የሚያገናኝ ተቋም በመሆኑ ከእሱ መገለል በገጠር ኑሮ ከባድ ቅጣት ነው። ይህ ለውጡን አስተማማኝ እንዳደረገው አልጠራጠርም። ይሁንና ለሰብአዊ መብት የሚቆረቆር ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። አንድ ዓይነት የማኅበረሰብ ጫና ልጃገረዶችን ያስገርዝ ነበር፤ አሁን ሌላ ዓይነት ጫና ወላጆችን ከማስገረዝ ያግዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለተኛው ሴቶች በተሳተፉበት ውይይት የተወሰነ መሆኑና የልጅን አካል የሚጠብቅ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ ለእኔ በቂ ነው። ሆኖም ጫና መሆኑን መካድ፣ ሁሉም ሰው በፈቃዱ ተለወጠ ብሎ መጻፍ፣ የሆነውን ነገር ማሳመር ነው።

ሕጉ መቼ መጣ?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 4 ሴቶችን የሚጨቁኑ ወይም በአካላቸውና በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያስከትሉ ሕጎችን፣ ወጎችንና ልማዶችን ይከለክላል። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገው፤ ከዚያ በፊት ለሴት 15 ነበር። ግርዛትን በስም ጠርቶ ወንጀል ያደረገው ግን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። በአንቀጽ 565 መሠረት ሴት ልጅን የሚገርዝ ሰው ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል፤ በአንቀጽ 566 ደግሞ ብልትን ለሚሰፋ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ተደንግጓል። ይኸው ሕግ የቀድሞውን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አሳፋሪ ድንጋጌም አስቀርቷል፤ በዚያ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር።

አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማለትም በግንቦት 2005 ነው። ከላይ የተገለጸው ሠርግ የተደረገው ከዚያ በፊት ነው። በከምባታ ሕጉ ሲደርስ መንገዱ ተጠርጎ ነበር፤ የሚያስፈጽመው ዳኛና ፖሊስ የገዛ ዘመዶቹን የሚቃወም ሳይሆን እድሮቹ የወሰኑትን የሚያጸና ሆነ። ውይይት ባልተካሄደባቸው አካባቢዎች ግን ሕጉ ሌላ ውጤት ሊኖረው እንደሚችል መታወቅ አለበት። ድርጊቱ ወደ ሌሊት፣ ወደ ሩቅ ዘመድ ቤት፣ ወይም ልጅቱ ለመቃወም ወደማትችልበት ዕድሜ ሊሸሽ ይችላል።

ሕግ ደግሞ መንገድ ሊዘጋም ይችላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከመቶ ከ10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በጾታ እኩልነት ሥራ እንዳይሰማሩ ከለከለ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ ለአሥር ዓመት የብዙ ተቋማትን እጅ አስሯል። መንግሥት በአንድ እጁ ግርዛትን ወንጀል ባደረገ በአራት ዓመቱ፣ በሌላ እጁ ስለ ሴቶች መብት የሚናገሩትን ድርጅቶች አፍ መያዙ የዚያን ዘመን አስተዳደር ጠባይ ያሳያል። በዛፍ ጥላ ሥር የሚሰበሰበው ውይይት ግን ፈቃድ የሚያድስ ድርጅት አይደለም፤ ቡናና ጎረቤት እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

ቁጥሮቹ

ስለ ከምባታ በሰፊው የሚጠቀሰው ቁጥር፣ ሁሉም ሴቶች ይገረዙ ከነበረበት ሁኔታ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከመቶ ከ3 በታች ደረሰ የሚለው ነው። ዩኒሴፍ በአካባቢው ያስጠናቸው ጥናቶችም የአመለካከትና የድርጊት ለውጡ ሰፊ መሆኑን አሳይተዋል። ቦጋለች በ2005 የአውሮፓ ምክር ቤትን የሰሜን–ደቡብ ሽልማት፣ በ2013 ደግሞ የቤልጅየሙን የንጉሥ ቦድዋን የልማት ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው።

ይህን ቁጥር ግን በጥንቃቄ እቀበለዋለሁ። ድርጊቱ ወንጀል በሆነበት፣ እድርም በሚያገልበት አገር፣ ጠያቂ መጥቶ ልጅሽን አስገርዘሻል ወይ ሲላት አስገርዣለሁ የምትል እናት ጥቂት ናት። ስለዚህ ትክክለኛው መጠን ከ3 ከፍ ሊል ይችላል። ከፍ ቢልም የለውጡን ግዙፍነት አይቀንሰውም፤ ቀደም ሲል እናቲቱ የምታፍረው ልጇ ባለመገረዟ ነበርና፣ እፍረቱ ራሱ ቦታ መቀየሩ የታሪኩ ዋና ፍሬ ነው።

የአገሪቱ አጠቃላይ ሁኔታ ዘገምተኛ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች መካከል የተገረዙት በ2000 ከመቶ 80፣ በ2005 ከመቶ 74፣ በ2016 ደግሞ ከመቶ 65 ነበሩ። ይህ ቁጥር ከብዙ ዓመታት በፊት የተገረዙ ሴቶችን ስለሚጨምር ሁልጊዜ ከለውጡ ኋላ ይቀራል። አመለካከቱ ግን በፍጥነት ወርዷል፤ ድርጊቱ ይቀጥል የሚሉት ሴቶች በ2000 ከመቶ 60 ሲሆኑ፣ በ2016 ከመቶ 18 ብቻ ነበሩ። ስድሳ አምስት ከመቶ ተገርዘው፣ አሥራ ስምንት ከመቶ ብቻ ሲደግፉት ማለት፣ ከምባታ ላይ የታየው የተቆላለፈ ቋጠሮ በሌሎች አካባቢዎች ዛሬም አልተፈታም ማለት ነው፤ ብዙ እናቶች የማይወዱትን ነገር ጎረቤት ይወደዋል ብለው ያደርጉታል።

ቦጋለች ገብሬ በኅዳር 2019 በሎስ አንጀለስ አረፉ። በከምባታ የውይይቱ ክበቦች በተከፈቱባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የተወለዱት ሴቶች አሁን ራሳቸው የሚያገቡበትና የሚወልዱበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ለሠርጋቸው ጽሑፍ ማንጠልጠል ያስፈልጋቸው እንደሆነ፣ እናቶቻቸው በዛፍ ጥላ ሥር ስለተከራከሩበት ጉዳይ ለልጆቻቸው ምን ብለው እንደሚነግሯቸው፣ የሚቀጥለው ጥናት ዱራሜ ሄዶ መጠየቅ ያለበት እነሱን ነው።